የጃኖ ሻኛ እና የእኔ ሌንስ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ መሐል ላይ ፈርቼ ወሬውን ወደ ረቡዕና ዓርብ ጾም አዞርኩት። እሳቸውም «ጾምሽን ጠብቂ» ብለው አሰናበቱኝ። ጾሜን ጠበቅሁ፤ ኃጢአቴ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ የምጽፈውም ደፋር ሆኜ አይደለም። ወረቀት ትክ ብሎ ስለማያየኝ ነው።

ዓይነ አፋር ሰው ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሰዎች ሆይ፣ ተሞኝታችኋል! ደፋር ሰው ሲዋሽ ቢያንስ አፉን ይከፍታል፤ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ምላሱን ያደክማል። እኛ ዓይነ አፋሮች ግን የምንዋሸው ዝም ብለን ነው። አንገታችንን ሰበር አድርገን፣ የነጠላችንን ጫፍ እየጠቀለልን፣ ሰው የጀመረውን ስህተት እንዲጨርስ እንተወዋለን። ከዚያም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ተብለን እንመረቃለን። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉ ሰዎች እኔን አላገኙኝም። እኔ አፌን ሳልከፍት አንድ በሬ አሳብጫለሁ።

እንዴት? ከሥሩ ልጀምር።

ወረታ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ተማሪ ፊት መናገር አያስፈራኝም፤ ስለ እንቁራሪት ልብ ከሆነ አርባ ደቂቃ ሙሉ ውኃ ሳልጠጣ እናገራለሁ። የሚያስፈራኝ እንቁራሪት የሌለበት ወሬ ነው። ፎቶ መነሣትም አልወድም፤ በመምህራን የጋራ ፎቶ ውስጥ ፈልጋችሁ የምታገኙት ግራ ትከሻዬን ነው። ማንሣት ግን ነፍሴ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፎቶ አንሺ መሆን ትእዛዝ መስጠት ይጠይቃል። «ጠጋ በሉ፤ አንተ ቀና በል፤ እሜቴ፣ ትንሽ ወደዚህ»። ይህን ለትልቅ ሰው በየት አፌ እላለሁ? ስለዚህ ሰውን ሁሉ እንደቆመ ነበር የማነሣው። የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ያነሣሁትን ብታዩ፣ ሙሽራው ግማሽ፣ ሙሽሪት ግማሽ፣ ሚዜው ጆሮ ብቻ ነው። ሙሉ ሆኖ የወጣው የዳሱ ምሰሶ ነው። ምሰሶ ጠጋ በል አይሉትማ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት አቶ ሰዒድ ሱቅ ነው። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚለይበት፣ ባጃጆች ተኮልኩለው ተሳፋሪ በሚሻሙበት ጥግ፣ አቶ ሰዒድ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣሉ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሽፋን ስጠይቃቸው፣ ከመሳቢያቸው አንዲት ነገር አወጡ። የልብስ መቆንጠጫ ትመስላለች፤ ጫፏ ላይ እንደ ዶቃ የጎበጠ መስታወት አላት። ስልኬ ላይ ቆነጠጧትና ራሳቸውን አንሥተው አሳዩኝ። አፍንጫቸው ሱቁን ሞልቶታል። ጆሯቸው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ምናልባት አዲስ ዘመን ከተማ ግድም፣ እንደ ምስር ፍሬ ተንጠልጥሏል። «የዓሣ ዓይን ይሉታል» አሉኝ፤ «ዓሣ ከጣና ውስጥ ቀና ሲል ሰማዩን ሁሉ ባንዴ ያያል አሉ። ይኸም ፊቱ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። ጠጋ በሉ የለ፣ ራቅ በሉ የለ።»

ጠጋ በሉ የለ! እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ዋጋው ደግሞ ሽንኩርት የረከሰ ጊዜ አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ከሚገዛው አይበልጥም። አቶ ሰዒድ በወረቀት እየጠቀለሉ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «እኅቴ፣ ይኸ የሣቅ ዕቃ ነው፤ ለቁም ነገር እንዳታውዪው።» እሺ ብዬ ተቀበልኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ድመቴን አነሣሁ። ነብር ሆነች። በማግሥቱ ወጣ ብዬ ሜዳውን አነሣሁ። የፎገራ ሜዳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንኳን ኮረብታ ጉብታ አያውቅም፤ በክረምት ውኃው ራሱ ወደ የት እንደሚፈስ ግራ ገብቶት ወራት ሙሉ ተኝቶ የሚያስብበት አገር ነው። ያ ሜዳ በእኔ ስልክ ድፎ ዳቦ ሆኖ ወጣ። የምስሉ ዳር ዳር ደግሞ ጥቁር ክብ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት። ያን ጥቁር በስልኩ ቆርጦ መጣል እንደሚቻል ቀስ ብዬ ተማርኩ። ሲቆረጥ ፎቶው እንደ ማንኛውም ጨዋ ፎቶ አራት ማዕዘን ይሆናል። ጉድ የሠራችኝ ይህች የመቁረጥ ጥበብ ናት።

አሁን ወደ አያ ደርሶ እንምጣ። አያ ደርሶ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው ቁሐር ሚካኤል ሩዝ አራሽ፣ ከብት አርቢ፣ ሲሥቁ በረት ያለው ከብት ሁሉ ቀና የሚል ሰው። ያን ዓመት በጥር ትልቁ በሬያቸው ሞተባቸው። የቀራቸው ጃኖ ነው፤ ገና ቀንበር የለመደ ወይፈን፣ ነጭ ሆኖ ወገቡን ቀይ መቀነት የዞረው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው።

አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ አይሆንም። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር መቀናጆ መግባት ነው፤ ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ሁለተኛው መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥቶ፣ ዳር ቆሞ ማየት ነው። አያ ደርሶ ገና ጢም ሳያበቅሉ እርፍ የጨበጡ ሰው ናቸው። «መሬቴን እኩል ከምሰጥ ሱሪዬን ብሰጥ ይሻለኛል» ይሉ ነበር። ቀልድ ይመስላል። ባለቤታቸው እቴ ጥሩነሽ ግን ለእናቴ እንደነገሯት፣ ያን ሰሞን እህል ከጉሮሯቸው አይወርድም ነበር። ሣቃቸውም ከትልቁ በሬ ጋር የተቀበረ መስሎን ነበር።

ደግነቱ መቀናጆ የሚፈልግ ሰው ተገኘ። አያ ሞላ ይባላሉ። መሬታቸው ከአያ ደርሶ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ ቤታቸው ግን ከሜዳው ማዶ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ያላቸው በሬ ቡሬ ነው፤ በአገሩ የታወቀ፣ ሲያልፍ ባጃጅ እንኳ ጥሩምባ ሳይነፋ ዳር የሚይዝለት። መቀናጆ ደግሞ እንደ ጋብቻ አቻ ይፈልጋል። አንዱ በሬ ረጅም፣ ሌላው አጭር ከሆነ ቀንበሩ ይንጋደዳል፤ የአንዱን ትከሻ ይልጣል፣ የሌላውን አንገት ያንቃል፣ ትልሙም እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ስለዚህ አያ ሞላ ጃኖን ሳያዩት እሺ አይሉም። መጥተው እንዳያዩት ደግሞ እግራቸው ወለም ብሏቸው ወጌሻ አስሮላቸው ተኝተዋል። ልጃቸው ውዴ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። «ፎቶውን አንሥተሽ ላኪልኝና ለአባባ ላሳየው» አለችኝ። ሥልጣኔ ማለት ይህ አይደል? በሬ በፎቶ ይታጫል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁሐር ሄድኩ። መጀመሪያ ጃኖን እንዲሁ፣ ያለ ሌንስ አነሣሁት። ጃኖ ጃኖን መሰለ፤ ጎኑ ገባ ያለ፣ ሻኛው ጡጫ የሚያክል፣ ዓይኑ የዋህ። አያ ደርሶ ስልኩን ተቀበሉኝና አራቁት፣ አቀረቡት፣ ፀሐዩን በእጃቸው ከለሉለት። ቆይተው «ይኸ የማን ጥጃ ነው?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ቀና ስል፣ ፊታቸው አይቀልድም።

ያኔ ሌንሷን ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠሮ ፈታሁ። ለምን? ላሥቃቸው ብዬ ነው። ስለ እውነት፣ ላሥቃቸው ብቻ! ጃኖ ደረት ሥር ተንበርክኬ፣ ትንፋሹ እጄን እስኪያሞቀው ተጠግቼ፣ ከታች ወደ ላይ አነሣሁት። ጥቁሩን ዳር ቆረጥኩና ስልኩን ሰጠኋቸው።

ጃኖ የት ሄደ! ደረቱ የግንብ በር ሆኗል። ሻኛው የጣራ ገዳምን ተራራ አክሏል፤ ጫፉ ላይ መነኩሴ ቢቀመጥበት አይደንቅም። ቀንዶቹ ግራና ቀኝ ሰማዩን ተካፍለውታል። አራት እግሮቹ እንደ ዋርካ ሥር ተንሰራፍተዋል። ጭራው ብቻ ከኋላ፣ እሩቅ አገር፣ እንደ ክር ትታያለች፤ ጭራን ማን ያያል?

አያ ደርሶ አልሣቁም። አዩት፤ ዓይናቸው ውኃ ሞላ። ከዚያ «እህ! ይኸውልሽ!» አሉ። «እኔ እኮ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የማየው።»

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ለዚህ ንግግር ምን መልስ አለ? «አያ፣ ይህ የመስታወቱ ሥራ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። እቴ ጥሩነሽ በትከሻቸው ላይ አጮልቀው አዩና «እኔ ድርቆሽ የማበላው ይኸን አይመስለኝም» አሉ። አያ ደርሶ «አንችማ መች ቀና ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ!» ብለው ሣቁ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። ጃኖ ቀና አለ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። እኔም የከፈትኩትን አፍ መልሼ ገጠምኩት። «ይኸን ላኪው» አሉኝ። ላክሁት። ኃጢአት ከዚህ የበለጠ ሥራ የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንዲት ጣት ትበቃዋለች።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ውዴ እየሣቀች አገኘችኝ። አባቷ ፎቶውን ሲያዩ ከመደባቸው ቀና ብለው «ይኸ በሬ ተዚህ ማዶ ቆሞ ነው ቡሬን ያለ አቻ ያንከራተትሁት?» አሉ አለችኝ። በቃ፣ እሺ ብለዋል፤ እግራቸው እንደ ዳነ ማሳው ላይ ተገናኝተው ቀንበር ይለካል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል። «ተመቼ ወዲህ ነው ቁሐር ተራራ ያበቀለችው?» ብለዋል። ከጃኖ በስተኋላ ያለው ሜዳ ጎብጦ ታይቷቸው ነው። እኔም «ደመና ይሆናል» አልኩ። ምን ላድርግ፤ የማስተምረው ሥነ ሕይወት እንጂ ጂኦግራፊ አይደለም።

ከዚያ በኋላ እውነቱን ልናገር ሁለት ጊዜ ቁሐር ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አያ ደርሶ አዲስ ቀንበር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። አሮጌው ምን ሆነ ብላቸው «ለጃኖ ይጠበዋል» አሉኝ። ጃኖ አጠገባቸው ቆሞ፣ ለሦስት ጃኖ በሚበቃ ቀንበር ጎኑን እያከከ ነበር። ሰው የወደደውን በሚያይበት ዓይን አጠገብ የእኔ ሌንስ ምን አላት? በሁለተኛው ጊዜ ገና ከበሩ ስገባ እቴ ጥሩነሽ «ምግብ መብላት ጀምሯል፤ እግዜር ይስጥሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ግንባሩን የተሳመ ሰው ምን ይናገራል? ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

የቀንበሩ ቀን ደረሰ። ሰኞ ነው፤ እኔም ውዴም የማስተማር ፈረቃችን ከሰዓት በኋላ ስለነበር በጠዋት ማሳው ላይ ተገኘን። ጎረቤቱም ወጥቷል። ቡሬን ከማንም ጋር ተጠምዶ ማየት በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ አያ ሞላ በዱላቸው እየተደገፉ፣ ቡሬን አስከትለው መጡ። ቡሬ መጣ ስላችሁ ባንዴ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ቀንዱ መጣ፣ ቀጥሎ ደረቱ መጣ፣ ቆየት ብሎ ሻኛው ደረሰ፤ እንደ ጭነት መኪና በየተራ ነው የሚያልፈው። ጃኖ ጎኑ ሲቆም ተሳቢ መሰለ፤ ያውም ባዶ ተሳቢ።

ቀንበሩ ተጫነ። የቡሬ ወገን ወደ ሰማይ ወጣ፤ የጃኖ ወገን ወደ ምድር ወረደ። አያ ሞላ ከውዴ እጅ ስልኩን ተቀበሉ። ፎቶውን አዩ። ጃኖን አዩ። ጎንበስ ብለው የጃኖን ሆድ ሥር አዩ፤ የተረፈው ሥጋ እዚያ የወደቀ እንደሆነ ብለው ይሆናል። ከዚያ በቀስታ «ደርሶ፣ አባቱን እቤት ትተኸው መጣህ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሣቀ። አያ ደርሶ አልሣቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ። «በሚካኤል፣ ያው ራሱ ነው! በሬ ለወጠ ልትለኝ ነው?» አሉ። በእኛ አገር ለገበሬ ከዚህ የሚከብድ ቃል የለም። በሬ ለወጠ የተባለ ሰው ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ እንኳ ይነሣበታል። መቀናጆው ቀርቶ ስማቸውም ሊሄድ ነው። አያ ሞላም «እኔ ምንም አላልሁ፤ በሬው ነው የሚናገረው» አሉ። ሰዎች ተጠጉና መረመሩ። ቀዩ መቀነት አለ። ግራ ጆሮው ላይ ያለችው ስንጥቅ፣ ፎቶው ላይም ጃኖ ላይም አለች። ያው ነው። ያው ከሆነ ታዲያ ምን ዋጠው?

እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተነሡ። አንዱ «የሩዝ ገለባ ነው፤ ሩዝ ተገባ ወዲህ ከብቱም ሰዉም አጠረ» አለ። ያለው ሰው ራሱ ሩዝ አራሽ ነው፤ ቁመቱም ከሁላችን ይበልጣል። ሌላው ጨረቃ ስትጎድል ከብትም ይጎድላል አለ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዓይን ነው» አሉ። «ከውጭ መጥቶ ያየው ማነው?» አያ ደርሶ የዋህ ናቸው፤ ተንኮል ሳያስቡ «ኧረ ማንም አልመጣ። ይችው ልጃችን ፎቶ ካነሣችው በቀር» አሉ።

ሃምሳ ራስ ባንዴ ወደ እኔ ዞረ። ለዓይነ አፋር ሰው ገሃነም እሳት ነው የሚሉ ተሳስተዋል፤ ገሃነም ሃምሳ ራስ ነው። ሽማግሌው «ልጄ፣ ስታነሺው ማርያም ትጠብቀው ብለሻል?» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላልኩም። ራሴን ነቀነቅሁ። «ይኸውላችሁ!» አሉ፤ «ሥጋውን ፎቶው ወስዶታል። እዩት፣ እዚያ አለ፣ እዚህ የለም።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ምርመራ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ አለ፣ እዚህ የለም! ምክንያቱን ሳቱ እንጂ ወንጀለኛዋን፣ መሣሪያዋንና የተሰረቀው ሥጋ ያለበትን ቦታ አንድ በአንድ አገኙት። መሣሪያዋ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ተቋጥራ እንደ ፍም ታቃጥለኝ ነበር።

ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ «ታጥፋው፤ ፎቶው ሲጠፋ ሥጋው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል» አለ። ሌላው «አብደሃል? ሥጋው ፎቶው ውስጥ እያለ ብታጠፋው የት ይገባል? አብሮ መጥፋቱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ይህ ከባድ ነበር፤ ሁሉም አሰበበት። እኔም አሰብኩበት። ፎቶው እንዲቆይ ተወሰነ። ኋላም አያ ደርሶ ወረታ አሳጥበው፣ በመስታወት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት፤ ዛሬም እዚያው አለ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ሁለተኛ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። እዚያው ሕዝቡ ፊት ቋጠሮዬን ፈትቼ «ይህች ናት» ልል ነበር። አያ ደርሶን አየኋቸው። እጃቸው የጃኖ አንገት ላይ ነው፤ እንደ ልጅ ራስ ይዳብሱታል። እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? «ልጅቱን ያዘዛት እሱ ነው፤ አጎትና የእኅት ልጅ ተመካክረው አታለሉ» ይባላል። ዝም ብል ደግሞ ዓይኗ የሚጎዳ ሴት እባላለሁ። እሳቸው በሬ ለዋጭ ከሚባሉ እኔ የክፉ ዓይን ባለቤት ብባል አይሻልም? እስከዚያ ቀን ዝም ያልኩት ለራሴ ፈርቼ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዝም ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ዕዳው በራሴ ላይ ወደቀ። አፌን ዘጋሁ።

ግን አልተውኝም። «እትፍ ትበልበት!» አሉ ሽማግሌው። ዓይን ያሳረፈ ሰው ራሱ እትፍ ካለበት ይመለሳል ይላሉ። እኔ! ስለ ተሕዋስያን አስተምሬ፣ ሰው ፊት እንዳትተፉ እያልኩ በየዓመቱ የምቆጣ! ያስተማርኳቸው ሁለት ጎረምሶች ከሕዝቡ መሐል ቆመው፣ ደብተራቸውን እንደሚያወጡ ሁሉ በትኩረት ያዩኛል። ወደ ጃኖ ቀረብኩ። ከንፈሬን አሾልኩ። ምንም የለም፤ አፌ እንደ ሚያዝያ ማሳ ተሰነጣጥቋል። እቴ ጥሩነሽ «ምራቋም አፍሮ ነው» አሉ። በቅል ውኃ አመጡልኝ። ተጎነጨሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እትፍ አልኩ። ጃኖ ጆሮውን አራገፈና፣ ከመላው ሕዝብ መካከል እኔን ብቻ በሐዘኔታ አየኝ።

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ። አያ ሞላ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «በሬው ጤነኛ ነው። ዓይን የነካው ከብት ሲመለስ አይቻለሁ» አሉ። «ይህም ይመለሳል። እስቲመለስ ድረስ ቡሬ ይሸከምለታል።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ሞፈሩ ቀንበሩ ላይ የሚታሰርበትን መርገጫ ወደ ቡሬ ወገን አስጠጉት፤ ከባዱ ጭነት በራሳቸው በሬ ላይ እንዲወድቅ ማለት ነው። መቀናጆው ጸና። አያ ደርሶ እርፉን ጨበጡ። የመጀመሪያው ትልም ትንሽ ጠመም አለ፤ ሁለተኛው ቀና። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሣቃቸው ከማሳው ጫፍ ተሰማ።

እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ልሹለከለክ ስል፣ አያ ሞላ ዱላቸውን ተደግፈው መንገዴ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ ሜዳው ነው፤ እስከ ጣና ድረስ ለጥ ወዳለው ሜዳ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄዋ፣ የተራራውስ ነገር?» አሉኝ። «እሱም በእትፍታ ነው የጠፋው?»

ፈገግ ብለው ነበር? ጢማቸው ብዙ ስለሆነ አላየሁም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኳቸው፣ አልነገሩኝም። አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያይ የኖረ ሰው በአንዲት መስታወት አይሸወድም። የወንድ ስም ሜዳ ላይ ከሚወድቅ፣ የአንዲት መምህርት ምራቅ ይውደቅ ብለው ይሆናል። ከሆነ ደግሞ፣ ያን ቀን በዚያ ማሳ ላይ በእትፍታው ያላመኑት ሰው አያ ሞላ ብቻ ነበሩ ማለት ነው። እኔስ? እኔማ የሳይንስ ሰው ነኝ።

በማግሥቱ የወሩ ሚካኤል ነበር። እርሻ የለም፤ ቁሐር በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ በጠዋት ተነሥቼ ዘይት ከሚጨምቁት ዘንድ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፋጉሎ ገዛሁ፤ ኑግ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን፣ ከብት የሚያሰባውን። ባጃጅ ላይ አስጭኜ አያ ደርሶ ግቢ ደረስኩ። ሌሊቱን አስቤበት ነበር፤ ፎቶውን ማሳነስ አይቻልም፣ ጃኖን ማሳደግ ግን ይቻላል። ፋጉሎውን ፈረካክሼ አቀረብኩለት። በላ። እንደገና ጨመርኩለት፤ በላ። ከብት አራት ክፍል ያለው ጨጓራ እንዳለው፣ የሚያሰባውም መኖ እንጂ ሌላ ምንም እንዳልሆነ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፤ ግቢው ውስጥ ከዶሮ በቀር ነፍስ የለም። ወደ ጃኖ ጆሮ ጠጋ አልኩና «ማርያም ትጠብቅህ» አልኩት።

ከዚያ፣ ለማንኛውም ብዬ፣ አንዴ እትፍ አልኩበት።